ቅርፊቷን የጣለችው ሸርጣን

ወንድምየው ዘበኛውን በጥፊ ያጮለው አስከሬኑ ገና ሳይነሳ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሸርጣን ላይ ሲመራመር የኖረው ታላቅ ወንድሙ ራሱን በገንዳው ጠርዝ ተመቶ እርጥቡ ወለል ላይ ተዘርሯል። የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዘበኛው፣ የውሃ ፓምፑን የሚቆጣጠረው ወንድምየውና የሟች ዓይኖች ከደከሙ ወዲህ ሸርጣኖቹን የምታይለት ረዳቱ። ዘበኛው ደግሞ ትናንት ከሟች ጋር ተጨቃጭቋል።

«ጥፊ ማስረጃ አይሆንም፤ እጅህን ሰብስብ» አለች መርማሪዋ ሻምበል። ዘበኛው ግን በካቴና ታስሮ ቆየ።

ረዳቷ እየሮጠች ስትመጣ ሻምበሏ በር ላይ አስቆመቻት።

«እዚህ የነበርሽው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። ወይኔ ጋሽዬን!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እባክዎ፣ ለስላሳዋን ሸርጣን እንዳይነኩብኝ፤ ገላዋ አልጠናም።»

‹ሰው ሞቶ የሸርጣን ወሬ!› አለ ወንድምየው በሆዱ።

ሻምበሏ ክፍሉን ስትፈትሽ፣ መደርደሪያ ሥር፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ አገኘች። አንዲት ሸርጣን ከጣለችው ቅርፊት አጠገብ ተኝታለች፤ የአየር ቱቦ ተሰክቶላታል።

«ለምን ብቻዋን?»

«ቅርፊቷን ስትጥል ጓደኞቿ ይቦጫጭቋታላ» አለ ወንድምየው። «ማታ ፓምፑን አይቼ ስወጣ ግን የሁሉም ቅርፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። የማንኛቸውም መጣያ ጊዜ አልደረሰም።»

«ዓይኗስ?»

ጎንበስ አለ። አንዱን ዓይኗን የሚሸከመው ዘንግ ከሥሩ ተቆርጦ ቁስሉ በጋለ ብረት ተተኩሷል።

ሻምበሏ ሦስቱንም ገንዳው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ይህ ዘንግ ሲቆረጥ ምን ይሆናል?»

«ውስጡ ቅርፊት መጣልንም እንቁላል ማብሰልንም የሚያግድ ሆርሞን አለ» አለች ረዳቷ፣ ድምጿ ሰልሎ። «ሲቆረጥ ልጓሙ ይበጠሳል።»

«ወንድሜ መቁረጥ አይወድም» አለ ወንድምየው። «ያንኑ በመኖ አደርገዋለሁ ብሎ ተሳክቶለት፣ እንዴት እንደፈነደቀ!»

«አልተሳካለትም። ዓይን እየቆረጠ ያሳካለት ሰው ነበር፤ ማታ በጣቱ ዳስሶ ደረሰበት። ሸርጣኗ የለሰለሰችው አንተ ከወጣህ በኋላ ነው። ሳፋውን እስክገልጠው ማንም አላያትም። ከትናንት ወዲህ ያልገባችው ግን በር ላይ ሆና ለስላሳዋን አትንኩ አለችን። አንተም ሰምተሃል።»

ሰምቷል። ፊቱ በእፍረት ጋለ።

«ለሸርጣኗ አየር ሰካሽላት» አለች ሻምበሏ ወደ ረዳቷ ዞራ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም እንደሚለው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተንፍሷል። ለእሱስ?»

«አልገፋኋቸውም» አለች ረዳቷ። «ሳፋውን ሲይዙብኝ ነጠቅኳቸው፤ አዳለጣቸው። የቆረጥኩት ደስ እንዲላቸው ብዬ ነበር። ወድቀው ‹ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነበር?› አሉኝ። ሰው ብጠራ ይህ ሁሉ ሊወጣ ነው። አፈርኩ... ጥያቸው ሄድኩ።»

ካቴናው ከዘበኛው ተፈትቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። ወንድምየው ይቅርታ ሊለምን አጎነበሰ።

«ተው ልጄ፣ ለእኔ አይጎነበስም» አለ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ቀና ብሎ ሊያየው አቅቶት። «ግድግዳው ማዶ ተኝቼ ነበር። ነቅቼ ብሆን ወንድምህ ሲያቃስት በሰማሁት።»