መርሳ ላይ የተፈነከተው ጣልያን

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን የመርሳ ሰው የአርበኞችን በዓል ለማክበር ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲተም፣ ነርሷ ሉብና ተረኛ ነበረችና ጤና ጣቢያ ቀረች። ከሜዳው በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ፉከራ እያዳመጠች ፋሻ ትጠቀልል ነበር። ድንገት ፉከራው ቆመ። ጩኸት ተከተለ፤ ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ የሚያስተጋባ ጭብጨባ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብታ ጣልያን አወረደች።

ጣልያኑ ረዥም ነው። ደረቱ ላይ የወረቀት ኒሻን ተደርድሯል። በከሰል የተሳለው ጢሙ በላብ ቀልጦ አገጩ ላይ ወርዷል። የሚደማ ግንባሩን በገዛ ባርኔጣው ጨምቆ ይዟል።

«ማን ፈነከተህ?» አለችው።

«አርበኛ።»

ሉብና ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። «አርበኞቹ የያዙት የካርቶን ጎራዴ አይደለም እንዴ?»

«በድራማው ያሉት ካርቶን ነው የያዙት፣ ሲስተር። ይኼኛው በራሱ ፈቃድ የዘመተ ነው።»

ሂሻም ይባላል። የወልድያ ልጅ ነው፤ ለሀብሩ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ። ድራማውን የጻፉት መምህርት ብዙነሽ የጣልያን መኮንን እንዲሆን የመረጡት ለአንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ያለው እሱ ነው። መድረክ ላይ የአንድ ሽማግሌ ቤት እንዲቃጠል ማዘዝ ነበረበት። «አቃጥሉት!» ብሎ ሲጮህ፣ ከክብር እንግዶች መካከል አንድ እውነተኛ ሽማግሌ ተነሡ፤ መድረኩ ላይ ወጡ፤ ከዘራቸውን አነሡ። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት «ይደገም!» እያለ አጨበጨበ።

«ለፖሊስ ተናገርክ?»

«ጫማዬ አደናቀፈኝ አልኩ። ሰውዬው አሳዘኑኝ፤ ሲመቱኝ እኔን የሚያዩ አይመስሉም ነበር። መነጽራቸው ወድቆ ሰው ሳይረግጠው አነሣሁላቸው።» ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «የመርሳን ሰው ገና አላወቅሁም። ባለቤቱን ካወቅሽ አድርሽልኝ።»

የመነጽሩ አንድ እግር በሰማያዊ ክር ታስሯል። ክሩን ያሰረችው ሉብና ራሷ ነበረች፤ ባለፈው ዓርብ፣ ለአባቷ።

የያዘችው መርፌ አየር ላይ ቆመ።

«ምነው ሲስተር?»

«ምንም። አትንቀሳቀስ።»

አራት ቦታ ሰፋችው። እንዲያ ተጠንቅቃ የሰፋችው ቁስል አልነበረም። የተጠነቀቀችው በአባቷ ጥፋት አፍራ ይሁን፣ ወይም ያን ያህል ቀርበው ሳይርገበገቡ የሚያዩዋት ዓይኖች ረብሸዋት፣ ያን ዕለት ለይታ አላወቀችውም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ሲቲ ጀምረውታል። «በሰባ ዓመትዎ ዱላ! ሐጅ ደርሰው የመጡ ሰው!»

«ጣልያን መታሁ እንጂ ሰው አልመታሁም!» አሉ ሐጂ አብዱሰመድ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ሉብና መነጽሩን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። «አባባ፣ አራት ቦታ ነው የሰፋሁት።»

ሐጂ መነጽሩን ሳያደርጉ ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን እራትም አልበሉም።

በሰባተኛው ቀን ሂሻም ስፌቱን ሊያስወጣ መጣ። ጢሙ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ቦቲው ግን አብሮት ነበርና ክፍሉ የከብት መድኃኒት ሸተተ። ሉብና መቀሱን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ። የመቱህ አባቴ ናቸው።»

«አውቃለሁ። መነጽሩን ስታዪ መርፌው ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር አፍረሽ ለሌላ ነርስ ትሰጪኝ ነበር።»

ሉብና መቀሱን መልሳ አነሣች። ስፌቱን አንድ በአንድ አወጣች፤ አራቱም ካለቁ በኋላ ግን እጇ ግንባሩ ላይ ትንሽ ዘገየ።

ከዚያ ወዲህ የሂሻም ጤና ተቃወሰ። አንድ ሳምንት ጆሮውን፣ አንድ ሳምንት ክርኑን እያመመው ይመጣል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዕድል ራሷ አማጭ ሆነች፤ ወደ ውርጌሳ ለክትባት የሚወጣው መኪና አንድ ብቻ ነበርና የሰውም የከብትም ባለሙያ ተጋርቶ ተጫነ።

«አንቺ ለልጆቹ፣ እኔ ለጥጆቹ፤ በሥራ እንኳ ተዛምደናል» አላት በመንገድ።

«ጥጆቹ እንዳንተ አያለቃቅሱም» አለችው፤ እስከ ውርጌሳ ድረስ ግን በመስኮት እያየች ፈገግ አለች።

መርሳ ትንሽ ከተማ ናት። «የሐጂ ልጅ ከጣልያኑ ጋር ታየች» የሚለው ወሬ ከመኪናው ቀድሞ ቤት ገባ። ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። «ያ ልጅ እዚህ ቤት አይረግጥም!»

ሉብና ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አባቷ ያሉትን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ እሷም ያለ አባቷ ምርቃት የምታገባ ልጅ አይደለችም። እናቷ ዓይኗን በሻሻቸው ጠረጉላት። «አብሽሪ። ልጁን ጠልተው አይደለም፤ አፍረው ነው።»

በጥቅምት ሽማግሌዎች መጡ፤ የሰፈሩ አስታራቂ ሼህ ይመርና የሂሻም አለቃ አቶ ሀይሉ። እናትና ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ተጣብቀው አደመጡ።

«አንቀመጥም» አሉ ሼህ ይመር፣ እንደ ደንቡ። «የመጣነው ስለ ሂሻም ነው። ልጃችን ከሚያዝያ ወዲህ ደህና አይደለም። ከዚህ ቤት በወጣ ነገር ነው የተጎዳው።»

የሐጂ ፊት ነጣ። «እስከ አሁን?»

«እንቅልፍ የለውም» አሉ ሼህ ይመር።

«ሥራ ላይም ልቡ የለም፤ አንዱን በሬ ሁለቴ ይከትባል» አሉ አቶ ሀይሉ።

«ያ አላህ! ጭንቅላቱን ነካሁት!» ሐጂ ብድግ አሉ። «ጥፋቴን አምናለሁ። ሙክት እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሐጂ፣ ይህ በሙክት የሚድን አይደለም።»

«ወይፈን ጨምሩበት!»

«ወይፈንም አይሆነውም።»

«ታዲያ ግመሌን ልትወስዱ ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ወይዘሮ ሲቲ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

«ሐጂ» አሉ ሼህ ይመር ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ልጅዎን ሉብናን ለልጃችን ይስጡን ነው የምንል።»

«ሉብናን? ለካሣ?»

«ለትዳር እንጂ!»

ሐጂ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ቤታቸው ሲቃጠል አይቷል። እስኪሞት ድረስ ጭስ በሸተተው ቁጥር ከተኛበት ይነሣ ነበር። ያን ዕለት ‹አቃጥሉት› የሚል ድምፅ ስሰማ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ስነቃ የሰው ልጅ ደም ከዘራዬ ላይ አየሁ። ያን ልጅ ቀና ብዬ በምን ዓይኔ ልየው?»

ሐጂ ወደ በሩ ቀና አሉ።

«የት ነው ያለው?»

አቶ ሀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በወጉ መምጣት አልነበረበትም። ግን በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተደብቋል።»

ሐጂ ከዘራቸውን ትተው ወጡ። ሉብና መጋረጃውን ገፍታ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ሂሻም ሽማግሌው ሲመጡ አይቶ በባጃጇ በሌላኛው በኩል ሊወርድ ሲል፣ ሐጂ ክንዱን ያዙት። ባርኔጣውን አወለቁለት። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ግንባሩን ሳሙት።

«አውፍ በለኝ፣ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ አባቴ» አለ ሂሻም፤ እጃቸውንም ሳመ።

ክንዱን እንደያዙ ይዘውት ገቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሉብና ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ረዥም ንግግር ነበራት፤ ስለ አባቷ ክብር፣ ስለ ሂሻም ትዕግሥት። አንዱም አልመጣላትም።

«እሺ» አለች። ያልተሰማላት መሰላትና «እሺ!» ብላ ደገመች። አሁንም ማንም ሳይናገር ቀረና፣ «እሺ ነው የምላችሁ!» ብላ ጮኸች።

«አንዴ ይበቃል ልጄ፣ ጎረቤት ሰማ!» አሉ ወይዘሮ ሲቲ፤ እልልታውን ያቀለጡት ግን ራሳቸው ነበሩ።