የማትገለበጠው ፎቶ

አባቴ መነጽር ሻጭ ነው። እኛ ሱቅ ደንበኛው አዲስ ፍሬም ሲለካ የራሱን መነጽር ያወልቃል፤ ካወለቀ ደግሞ መስታወት ውስጥ ራሱን አያይም። ስለዚህ ፍሬሙን እንዳደረገ ፎቶ እናነሳዋለን፤ መነጽሩን መልሶ ኮምፒውተር ላይ ያየዋል። አይቶም «ይሄ እኔ አይደለሁም!» ይላል። ሰው ፊቱን የሚያውቀው ከመስታወት ነዋ! ካሜራ ግን የሚያሳየው ሌላው ሰው እንደሚያየው ነው።

አባቴ የፎቶን ግራና ቀኝ እንደ መስታወት የሚገለብጥ ፕሮግራም የሚሠራለት ወጣት ፈልጎ አመጣ። ዝምተኛ ነው፤ ፀጉሩን በግራ በኩል ይከፍላል። ለሙከራ ብሎ እኔን ፎቶ አነሳኝ። ቁልፉን ሲጫን ግን ፎቶዬ ድራሹ ጠፋ።

«የት ገባሁ?» አልኩት።

«ተገልብጠሻል። ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ በግራው ጠርዝ በኩል ዞረሽ ከስክሪኑ ወጣሽ» አለኝ እየሳቀ። «ቆይ፣ በፎቶሽ ስፋት ልክ ወደ ቀኝ ስቤ ልመልስሽ።»

መለሰኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን በሩን ማየት ያዝኩ።

ሥራው ሲያልቅ መምጣቱም እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ስለዚህ ስህተት ፍለጋ ገባሁ፤ ዛሬ ቁልፉ አነሰ፣ ነገ ቀለሙ ደበዘዘ። አባቴ «ይሄ ልጅ ካንቺ እጅ የሚወጣው መቼ ነው?» ይለኝ ጀመር።

በርክክቡ ዕለት እውነተኛ ስህተት አገኘሁ። የሰው ሁሉ ፎቶ ሲገለበጥ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ለናሙና የምትወጣው የኔ ፎቶ ወይ ፍንክች! ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። ስስቅ አፌ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። መስታወት ውስጥ ለምጄዋለሁ፤ ያልተገለበጠው ፎቶ ላይ ግን ጠማማነቱ ዓይኔን ይወጋኛል።

«አባዬ፣ እንዳትረከበው! የኔን አይገለብጥም።»

አባቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። «ምነው ጎበዙ?»

የወጣቱ ጆሮ ቀላ። «አሁን አስተካክለዋለሁ» ቢል ያልቅ ነበር።

«ስህተት አይደለም፤ አውቄ ነው የተውኩት» አለ። «የተገለበጠችውን የምታውቃት እሷ ብቻ ናት። እኔ የማውቃት ይቺን ነው። የምወዳትም ይቺን ነው። ልገለብጣት እጄ እምቢ አለኝ።»

አባቴ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ ፎቶዬን ረጅም ጊዜ አየ።

«እኔም የማውቃት ይቺን ነው» አለ በመጨረሻ። ኮቱን አነሳ። «በሉ ምሳዬን ልብላ።»

ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር።

ብቻችንን ቀረን። «ታዲያ ሥራህ አለቀ?» አልኩት።

«ስህተት መፈለግሽን ካልተውሽ አያልቅም።»

ይኸው አልተውኩም፤ ባል ሆኖ ደግሞ ስህተት መች ይጠፋዋል! ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር መጥቶ ከኋላዬ ይቆማል። መስታወቱ ውስጥ ፀጉሩን በማላውቀው በኩል የከፈለ ሰው ፈገግ ይልልኛል። እሱን ትቼ ዞር እላለሁ።

የኔው እዚያው ቆሟል።