የአያ ወልደኢየሱስ ጎል

አያ ወልደኢየሱስ በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ ሰብለ ወንጌል መጀመሪያ ያየችው ከዘራቸውን ነው። ቀጥሎ እግራቸውን አየች። ቀኝ እግራቸው ከግራው ያጥራል፤ ከጉልበቱ በታች ቀጥኖ፣ በተራመዱ ቁጥር ወደ ጎን ይወረወራል። ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም እሳቸው ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴም ቆም ብለው እየተነፈሱ ነው የመጡት። ሰብለ ወንጌል በስምንተኛ ክፍል ሰልፍ መሃል እንደቆመች ላብ አጠመቃት።

«እግራቸው እንዲህ መሆኑን አታውቂም ነበር?» አለቻት ከጎኗ የተሰለፈችው ጓደኛዋ ረውዳ በሹክሹክታ።

አላወቀችም። ከየት ታውቃለች? አያ ወልደኢየሱስን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የምታውቃቸው ተቀምጠው ነው። አራዳ ውስጥ፣ የሴት ልጃቸው የዩኒፎርም ሱቅ በር ላይ፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ጠዋት ስታልፍ አሉ፤ ማታ ስትመለስም አሉ። ሰላም ትላቸዋለች፣ ይመርቋታል፣ መንገዷን ትቀጥላለች። የተቀመጠ ሽማግሌ እግሩ ምን ይመስል ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ደግሞ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ያለፈው ወር ላይ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ ኪዳነወልድ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየሰፈራቸው ስለነበሩት የድሮ ኳስ ሜዳዎች ሽማግሌ ጠይቀው እንዲጽፉ አዘዙ። «ዛሬ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ሁሉ ትናንት ልጅ ሲራገጥበት የነበረ ነው። ያዩት ሰዎች ሳያልፉ ጠይቁ» አሉ። ለሰብለ ወንጌልና ለረውዳ ዋርካ ሜዳ ደረሳቸው። ዋርካው ራሱ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ሜዳውም ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። ረውዳ የሜዳውን ካርታ ልትሠራ፣ ሰብለ ወንጌል አያ ወልደኢየሱስን ልትጠይቅ ተስማሙ። ሥራውን እንዲህ ያካፈለችው ራሷ ሰብለ ወንጌል ናት፤ ከመሣል ወሬ መስማት ይቀላል ብላ ነው።

አልቀለላትም። አያ ወልደኢየሱስ ስለ ኳስ ሲጠየቁ ከልብስ ጀመሩ።

«ያኔ ልጄ፣ መለያ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ሁሉ ከእናቱ ተደብቆ ነው የሚመጣ። ልብሱን አቆሽሾ ቤት ከገባ ዱላ አለ። እናም አውልቆ እኔ ዘንድ ያኖራል፣ በቁምጣ ይጫወታል። የክርስቲያኑ ነጠላ፣ የእስላሙ ልጅ ኮፍያ፣ ሁሉም እኔ ጭን ላይ ነው።»

ከዚያ የማን ሸሚዝ በስህተት ከማን ጋር እንደሄደ፣ የማን እናት ልምጭ ይዛ እንደመጣችና ልጇ በሌላ ልጅ ካፖርት ተሸፍኖ እንዴት እንዳመለጠ ማውራት ያዙ። እያወሩ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ያለቅሳል። ሰብለ ወንጌል ስልኳን እንደያዘች አዛጋች። እሷ የምትፈልገው ጎል ነው። ያን ዕለት ደግሞ የሴቶች ቡድናቸው ልምምድ ነበረው፤ እሷ ከሌለች የግራ መስመሩን ለዚያች ለቀሽሟ ለየትነበርሽ ሊሰጡባት ነው።

«ሌላ ቀን እመጣለሁ አያ» ብላ ተነሳች።

«ምነው፣ ገና ጨዋታው አልተጀመረም እኮ» አሏት።

ሌላ ቀን አልመጣችም። የማስረከቢያው ዋዜማ ሲደርስ ጎሉን ራሷ አገባችው። ከተዋሸ አይቀር ደግሞ በደንብ ነበር የዋሸችው። ጨዋታው ከአዘዞ ልጆች ጋር፣ ሜዳው በዝናብ ጨቅይቶ፣ አንድ ለአንድ ሆነው፣ ሊያልቅ ሲል ነው። ወጣቱ ወልደኢየሱስ ኳሷን ከመሃል ሜዳ በቀኝ እግሩ ለጋት፤ በረኛው ሳያያት ገባች፤ ሕዝቡም ባለድሉን ትከሻው ላይ ተሸክሞ እስከ አራዳ ድረስ እየጨፈረ ወሰደው። «በቀኝ እግሩ» የሚለውን የጨመረችው ነገሩን እውነት ያስመስለዋል ብላ ነው። ለረውዳ «ድምፃቸውን ቀድቼዋለሁ፣ ስልኬ ላይ አለ» አለቻት። ረውዳም አመነቻት፤ በጓደኝነታቸው ዘመን ሁሉ የምትጠራጠርበት ምክንያት ሰጥታት አታውቅም።

መምህር ኪዳነወልድ ጽሑፉን ወደዱት። በጣም ስለወደዱትም ለአያ ወልደኢየሱስ ልጅ ደውለው፣ አባቷ ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተገኝተው ስለ ሜዳው እንዲናገሩ ጋበዙ። ጽሑፉ ምን እንደሚል ግን አልነገሯትም፤ ለባለታሪኩ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ፈልገው ነው። ሰብለ ወንጌል ሳምንቱን ሙሉ የመናገሪያ ጊዜ ነበራት። እሷ ግን በሱቁ በኩል ማለፉን ትታ ማዶ ለማዶ መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን አያ ወልደኢየሱስ ከወንበራቸው ሆነው እጃቸውን አውለበለቡላት፤ ያላየች መስላ አለፈች። ያን ማታ እራት አልበላ ብሏት ሆዴን አሞኛል አለች። ያም ውሸት ነበር።

አሁን አያ ወልደኢየሱስ ከመድረኩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል። ከጎናቸው የቆሙት መምህር ኪዳነወልድ ማይኩን ይዘው፣ ድምፃቸውን እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያነባሉ። «በቀኝ እግሩ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተያዘ። ወደ ሽማግሌው እግር አየት አደረጉ፤ ከዚያ ፈጠን ፈጠን ብለው ጨረሱት።

«በየትኛው ቀኝ?» አለ ከኋላ ሰልፍ አንድ ልጅ።

ሳቁ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ተዛመተ። ሰብለ ወንጌል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሷ ናት ሰውየውን ከሱቃቸው በር አስነስታ፣ ኮት አስለብሳ፣ በከዘራ አስመጥታ መሳቂያ ያደረገቻቸው።

አያ ወልደኢየሱስ ማይኩን ተቀበሉ። ዓይናቸው በሰልፉ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ሰብለ ወንጌል ላይ ሲደርስ ቆመ። አንገቷን ደፋች።

«እንደምን አደራችሁ ልጆች» አሉ። «ሸጋ ጽሑፍ ነው። ጎሏ ግን የእኔ አይደለችም። እግሬ ከሕፃንነቴ እንዲህ ነው፤ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም።» ወደ መምህሩ ዞር አሉ። «የጻፈችውን ልጅ አትቆጧት። ያሳሳትኋት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሲያወራ የዚያን ለዚህ ይደባልቃል።»

«ጃጅተዋል ማለት ነው» አለ ያው ልጅ፤ እንደገና ተሳቀ።

አያ ወልደኢየሱስ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። መምህሩ ግን ፊታቸው ቀልቶ ማይኩን ከእጃቸው ወሰዱና «እናመሰግናለን አባታችን፤ ሰዓቱም ስለሄደብን» አሉ። ተጨበጨበ። ከአንጀት የሆነ ጭብጨባ አልነበረም። አያ ወልደኢየሱስ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ አቀኑ።

«ስልክሽ ላይ አለ ያልሽኝ ድምፅ የታለ?» አለች ረውዳ።

ሰብለ ወንጌል የለም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«የእኔም ስም አለበት እኮ ሰብሊ» አለች ረውዳ። ብትቆጣ ይሻል ነበር። አልተቆጣችም፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

ሰብለ ወንጌል ሰልፉን ጥላ ሮጠች። አያ ወልደኢየሱስን የደረሰችባቸው በሩ አጠገብ ነው።

«አያ» አለች። ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «አያ፣ እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላሳሳቱኝም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ ወልደኢየሱስ። «ያልተናገርሁትን አላውቅም እንዴ ልጄ? የከዳኝ እግሬ ነው እንጂ ልቤ መች ጃጀ።»

ሰምተዋል ማለት ነው። ሰብለ ወንጌል ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አድርጌያለሁ። ልጅ ነሽ፤ ጎል ፈለግሽ።» ከዘራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «አንድ ነገር ግን ከፍቶኛል፣ አልደብቅሽም። ልጄ ዛሬ ማልዳ ተነስታ ኮቴን ተኮሰችልኝ። ስለዚያ ሜዳ የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ቆየ፤ ሌሊቱን ሁሉ የምለውን ሳሰላስል ነበር ያደርሁ። ምኑንም ሳልናገር ጃጀ ተብዬ ልመለስ ነው።»

ሰብለ ወንጌል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ይቅርታውን ማግኘቷ ትንሽ አቅልሎላት ነበር፤ አሁን መልሶ ከበዳት።

«እስከ ሱቁ ልሸኝዎት» አለች። ከዚህ ግቢ ለመውጣት ያላት ፍላጎት ጣሪያ ነክቷል። «ቦርሳዬን ረውዳ ታመጣልኛለች። ለሁሉም ሰው እዚያው አራዳ እነግራለሁ፤ ለልጅዎትም ጭምር።»

«መንገዱን እኔ አላጣውም» አሉ አያ ወልደኢየሱስ። «ደግሞ ለእኔና ለልጄ ምን ትነግሪናለሽ? እኛ እናውቀው የለ።»

አልሄዱም ግን፤ ድካማቸውን ሊያሳልፉ ከበሩ ዘበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና እግራቸውን በእጃቸው አንስተው አስተካከሉ።

ሰብለ ወንጌል ዞረች። የመጀመሪያው ሰልፍ ወደ ክፍል መግባት ጀምሯል። መምህር ኪዳነወልድ አጎንብሰው የማይኩን ገመድ ይጠቀልላሉ። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ገና እንደቆሙ ናቸው፤ ረውዳም አለች፣ ወዲህ ታያለች። ሰብለ ወንጌል ግቢውን አቋረጠች። አንድ ሁለቱ ሲጠቋቆሙባት አየች፤ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ አልተመለሰችም።

«ቲቸር» አለች መምህሩ ዘንድ ስትደርስ፤ ድምፅዋ ለራሷም የማይሰማ ሆኖባት ደገመችው። «ቲቸር፣ ገመዱን ትንሽ ይተዉት። ልጆቹ ሳይገቡ እውነቱን ልንገራቸው፤ አያም ንግግራቸውን ይጨርሱ።»