በመዝገብ የሞተችው መዲና

ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰቱ በወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ እውነት የሚሆንለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቋንቋ የሰው እስትንፋስ ነውና፣ የሚተነፍሰውን ሞተ ብሎ የመሰከረ በገዛ ምስክርነቱ ይዋረዳል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ውርጭ የደብረ ብርሃንን የገብስ ማሳ ባነጣበት ማለዳ፣ ወይዘሪት ፍቅርተማርያም ዘሥላሴ ወደ አለቃዋ ክፍል ተጠራች። አባቷ መሪጌታ ዘሥላሴ በአንኮበር ሰዋስው ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ እርሷም ቃልን ከሥሩ መመርመርን ከእርሳቸው ወርሳ፣ በዳሬ ሰላም ሁለት ዓመት ተቀምጣ የባንቱንና የሌሎችን የአፍሪካ ቋንቋዎች ድምፅ አጥንታ ተመልሳለች። በዚያም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻውን አንዱን ቃል ከሌላው ሲለይ፣ ምላስም ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማው ጠቅታ እንደ ማንኛውም ፊደል ቃል ሲሠራ በጆሮዋ ሰምታ ነበር።

አለቃዋ ዶክተር ኃይለኢየሱስ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚመዘግበው ጥናት መሪ ነበር። የተጠረዘውን ሰነድ ወደ እርሷ ገፋ አደረገና፣

«እዚህ ላይ ፈርሚ» አላት።

እርሷም አስቀድማ አነበበች፤ «ከአልዩ አምባ በታች ባሉ መንደሮች አርጎብኛ የሚናገር የለም፤ የመጨረሻዋ ተናጋሪ እመት መዲና የሱፍ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል» ይላል።

«ድምፃቸው የታለ?» አለች።

«የማን?»

«የሟቿ።»

«ሙት ይቀዳል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ስማቸውን ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተጻፈ ዝርዝር ነው ያገኘሁት። የቀበሌውን ሊቀ መንበር በስልክ ጠይቄ፣ ቋንቋውን የሚናገር የለም ብሎኛል። ከሌለ ሞተዋል ማለት ነው። የድምፅ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ ያለ አንቺ ፊርማ ሰነዱ አይጸናም። ከጸና ደግሞ ለዚያ ቋንቋ የታሰበው የትምህርት መጽሐፍ ይቀርና ወደ ሌላ ሥራ እናልፋለን።»

«ያልሰማሁትን አልፈርምም።»

«እንግዲያው ወንበርሽን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ሰነዱ የሚጸድቅበት ጉባኤ የዛሬ ሳምንት ነው፤ እስከዚያ አስቢበት።»

በማግሥቱ ፍቅርተማርያም እስከ አንኮበር በመኪና ሄዳ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ መንደሮቹ በእግሯ ወረደች። ሁለት ቀን ሙሉ የመጠየቂያ ቅጿን ይዛ፣ አርጎብኛ የሚናገር እንዳለ ከደጅ ደጅ ጠየቀች፤ ሁሉም በጠራ አማርኛ «አያቶቻችን ይናገሩት ነበር ይባላል፤ እኛ አናውቀውም» አሏት። ቅጽ ለያዘ እንግዳ ቋንቋን መካድ በዚያ አገር የኖረ ልማድ ነበር፤ በየዘመኑ ወገናቸውን የጠየቀ ሁሉ ግብር ሊጨምር ወይም መሬት ሊነጥቅ የመጣ ነበርና። ኃይለኢየሱስ በስልክ የሰማውም ይህንኑ ልማድ ነው፤ እርሱ ግን ክህደቱን እንደ መርዶ ቆጠረው።

በሦስተኛው ቀን ፍቅርተማርያም ቅጿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ድምፅ ይሰማል እንጂ አይጠየቅም ብላ፣ ጥጥ ከሚፈትሉ ሴቶች አጠገብ ዝም ብላ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትከርር አንዲት አሮጊት ጥጣቸውን የምትግጥባቸውን ፍየል መሳደብ ጀመሩ። ስድቡ አማርኛ አልነበረም፤ በአማርኛ የጠፋው፣ አባቷ በብራና ላይ ብቻ እየለዩ ያሳዩዋት የጉሮሮ ድምፅ ከእኚያ ሴት ጉሮሮ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«ምን አፈጠጥሽብኝ ልጄ? ፍየል አይተሽ አታውቂም?»

«ስምዎ ማን ይባላል እናቴ?»

«መዲና የሱፍ።»

ፍቅርተማርያም የሰነዱን ቅጂ አውጥታ አነበበችላቸው፤ ለጉባኤ የሚቀርብበትንም ቀን ነገረቻቸው። አሮጊቷ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ሰደቃዬን ማን በላው?»

«ማንም አልበላም።»

«ስስታም ቀባሪ ነው ያጋጠመኝ» አሉ፤ ሴቶቹም ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ለጠያቂ አንናገርም ብለን ኖርን። ለካ ዝም ባልን ቁጥር አፈር ሲያለብሱን ኖሯል። ጉባኤው መቼ ነው አልሽ?»

በቀጠሮው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ኃይለኢየሱስ በጉባኤው ፊት ቆሞ ሰነዱን አነበበ። ከሟቿ ስም ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት በምርኩዝ ተነሡ።

«ሞተች ያልካት እኔ ነኝ።»

«እናቴ፣ የስም መመሳሰል ይሆናል» አለ፤ ላቡን ጠረገ። «እርስዎ ቢሆኑም እንኳ፣ ቋንቋውን አይችሉትም።»

እመት መዲና ምርኩዛቸውን ተደግፈው በአርጎብኛ ተናገሩ፤ ረጅም ተናገሩ፤ የፍቅርተማርያም መቅጃም ቃል ሳያመልጠው ያዘ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ያልኩት ይህን ነው፤ እኔ አለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚያወሩ አሥር ሰዎች አሉ። ደጃችን ረግጦ የማያውቅ ሰው አይቅበረን።»

የጉባኤው ሰብሳቢ መምህር ወልደአረጋይ ኃይለኢየሱስን «ወደ መንደሩ የወረድህበትን ቀን ንገረን» አሉት። አንድም ቀን ሊጠራ አልቻለም።

ወደ ፍቅርተማርያም ዞረው «አንቺስ፣ ትፈርሚያለሽ?» አሏት።

«በዚህ ላይ አልፈርምም። በዚህኛው ላይ እፈርማለሁ» ብላ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

በዚያ ዓመት የታተመው የቋንቋዎች ዝርዝር ለእነዚያ መንደሮች «አሥራ አንድ ተናጋሪዎች» ብሎ አለፈ፤ የእመት መዲናንም የፍቅርተማርያምንም ስም አልጻፈም። ታሪክ ቁጥሩን ያዘ እንጂ ቁጥሩን ለማዳን ማን ቁልቁለቱን እንደ ወረደ፣ ማንስ አቀበቱን በምርኩዝ እንደ ወጣ አላስታወሰም። የትምህርት መጽሐፉ ግን ታተመ።

ኃይለኢየሱስ ከጥናት መሪነቱ ተሻረ፤ ሰነዱ ተሰረዘ፤ አምስት ዓመት ምርምር እንዳያደርግ ታገደ፤ በአልዩ አምባ ገበያም በሕዝብ ፊት ቆሞ የሐሰት ጽሑፉን ከነይቅርታው እንዲያነብ በጉባኤው ተፈረደበት። በጥር ወር ወርዶ አነበበ።