ያልተለካው ግፊት

«ዘይትማ ነበረው» አለ የልጅቷ አባት ለሦስተኛ ጊዜ።

መካኒኩ ከከባድ መኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣና ከሞተሩ የፈታውን ስስ ብረት መዳፉ ላይ አኖረው። የሞተሩን ዋና ዘንግ ከሚሸከሙት ብሮንዞች አንዱ ነው። መስተዋት መምሰል የነበረበት ፊቱ ተልጦ ጠቁሯል። «ነበረው፤ ግን ላይ አልደረሰም» አለ። «የዘይት ፓምፑ ተበልቷል። የአንድ ቀን ነገር አይደለም፣ በደከመ ግፊት ሲሠራ ነው የከረመው። የዘይት ጌጁ አላሳየህም እንዴ?»

ልጅቷ የቤቱ በር ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የአውቶ ክፍል ተማሪ።

«ጌጁማ ይወርድ ነበር። ሴንሰሩ ነው ተብሎ…» አለ አባቷ።

«ማነው ሴንሰሩ ነው ያለው?» አሉ አጎቷ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መኪናውን የገዙት ሁለቱ ተጋግዘው ነው።

«እኔ» አለ አባቷ ፊቱን ሳያዞር።

ያለችው እሷ ነበረች። ከአሥር ቀን በፊት ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊት ጌጁ መርፌ እየወረደ ቀዩን መንካት ጀመረ። አባቷ መካኒክ በመጥራት ፋንታ «እቤቴ ኢንጂነር እያለችልኝ!» አለ። ይህን ወሬ ሰፈር ያልሰማው የለም፤ ባለሱቁ ሳይቀር ኢንጂነሯ ነው የሚላት። እንደተማረችው ጀመረች። ግፊቱን ለጌጁ የሚያቀብለውን ሴንሰር ሽቦ ነቅላ ከሞተሩ ብረት ጋር ስታነካካው መርፌው ዘልሎ እስከ ጫፍ ወጣ። እንግዲያው ጌጁም ሽቦውም ጤነኞች ናቸው። የቀረው ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ግፊቱ እውነትም ወርዷል። ሁለቱን ለመለየት ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የእጅ መለኪያ አስሮ ማንበብ ነው፤ ሌላ መንገድ አልተማረችም።

መለኪያውን ከትምህርት ቤት ፈርማ አምጥታ ነበር። ጥርሱ ግን ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ። መኪናው ሥር አንድ ሰዓት ታገለችው። ሌላ መጋጠሚያ ነበር የሚያስፈልገው፣ በማግስቱ ከመምህሯ መጠየቅ ትችል ነበር። አባቷ ግን የሚጭነው ዕቃ ይጠብቀዋል፤ ጎረቤቱን አጠገቡ አቁሞ «እህስ ኢንጂነር?» ይላል። አልገጠመልኝም ማለት ሞት መስሎ ታያት። ሴንሰሩን መልሳ አጠበቀችና ወጥታ «ግፊቱ አርባ አምስት ነው፣ ከበቂ በላይ። የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው» አለች። አባቷ ግንባሯን ስሞ፣ አዲስ ሴንሰር ሲመለስ ሊገዛ ተስማምቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ አንኳኳና ቀጥ አለ። ተጎትቶ ነው እቤት የደረሰው።

መካኒኩ ዕቃውን ሰብስቦ ሞተሩ ተስፋ እንደሌለው ተናግሮ ሄደ። አጎቷ ትንሽ ቆዩ። የሚያውቁት የጭነት ድርጅት ሾፌር ይፈልጋል፤ የሚቀጥረው ግን ዋስ ያለውን ብቻ ነው። ዋስ ይሆኑት እንደሆን አስበውበት ቅዳሜ መጥተው ቁርጡን እንደሚነግሩት ገልጸው ወጡ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ አገኘችው። ማንኪያ ሰጣትና ኩሽና ገብታ ብርጭቆውን ቀስ እያለች እንድትመታለት፣ ስንቴ እንደመታች እሱ እዚያው ሆኖ እንደሚቆጥር ነገራት። ሁለቴ መታች። «ሁለት» አለ። ደግማ ከዚያ በቀለለ እጅ መታች። «አንድ።» አንዱንም አልሳተም። ያም ሆኖ ጆሮውን ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

«ሳያንኳኳ የሚሞት ሞተር የለም። ቀደም ብሎ ሲያንኳኳ እኔ አልሰማሁትም ማለት ነው» አላት። «አንቺማ ለክተሽ ሰጥተሽኛል። ደህናውን መኪና ተቀብዬ መንገድ ላይ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ግን ማንኪያውን አስቀምጣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳበት የኖረውን ጆሮ መጠራጠሩ ከሞተሩም በላይ አንገበገባት። ለዴስክ ጓደኛዋ ስትነግራት «ባክሽ አታካብጂው» አለቻት። «ፓምፑ እንደሆነ መበላቱ አይቀርም ነበር። ደሞ አባትሽ በራሱ ወስዶታል፣ ዝም በይ።» ልታምናት ፈልጋ ነበር። ግን ለክታ ቢሆን ፓምፑ ብቻ ይቀየር ነበር፤ ሞተሩም ዛሬ በሕይወት ነበር። ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ መጡ። ወንድማማቾቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው መኪናው አፉን እንደከፈተ ቆሟል። እሷ ሳሎን ውስጥ የፈተና ደብተሯን ገልጣ አንድ መስመር አላነበበችም። ድምፃቸው ይሰማታል።

«ወንድሜ ነህ፣ ትቀርበኛለህ» አሉ አጎቷ። «ግን ጌጁ ሲወርድ እያየ በራሱ ግምት የሚነዳን ሰው የሰው መኪና ስጡት ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ልክ ነህ ጋሼ። እኔም ብሆን አልፈርምም። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም» አለ አባቷ።

እንዲህ በቀላሉ መስማማቱን መቋቋም አቃታት። ለብቻው ልትነግረው አስባ ነበር፤ ለብቻው ብትነግረው ግን ውጦ እንደሚያስቀረው ታውቃለች። ስሟን ላለማንሳት «እኔ» ያለ ሰው ይህንንም ይደብቅላታል። ደግሞም ከተናገረች በኋላ ኢንጂነር ብሎ እንደማይጠራት ታውቃለች። ደብተሩን ዘግታ ወጣች።

«አጎቴ፣ ሴንሰሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለክቼዋለሁ፣ አርባ አምስት ነው ብዬ ነገርኩት። አልለካሁትም። መለኪያው አልገጥም ሲለኝ አፍሬ ቁጥሩን ከራሴ ፈጠርኩት። አባዬ ያመነው እኔን ነው።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ አልተቆጣም። ዓይኑ ላይ የነበረ አንድ ነገር ሲጠፋ አየችው። አጎቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከቱ።

«ልጅ ናት ጋሼ፣ አትስማት» አለ አባቷ። «አንቺ ግቢ።»

አልተንቀሳቀሰችም።

«ግቢ አልኩሽ!» ድምፁ ተሰበረ።

አልገባችም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ አጎቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ እስኪጠይቋት ጠበቀች።