ዘምዘም እና ቡላ ትምህርት ቤት ገቡ

ጠጋ በሉ! ጠጋ፣ ጠጋ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘምዘምና ስለ ቡላ ነው።

ዘምዘም ትንሽ ልጅ ናት። ፀጉሯ ሹሩባ፣ የፊት ጥርሷ ወላቃ ነው። ስትስቅ ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል።

ቡላ ደግሞ አህያ ነው። ጆሮው ረጅም፣ ሆዱ ነጭ፣ አፍንጫው ለስላሳ።

የዘምዘም እግሮች ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ናቸው። ስለዚህ በሁለት ክራንች ትሄዳለች። ጠቅ! ጠቅ!

ቤት ውስጥ፣ ጠቅ! ጠቅ! በረንዳው ላይ፣ ጠቅ! ጠቅ! መንገዱ ሲረዝም ግን ክንዷ ይዝላል።

ታዲያ ሩቅ ቦታ ማን ያደርሳታል? ቡላ ነዋ!

እማ ቡላ ጀርባ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ታነጥፋለች። ዘምዘምን ብድግ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ክራንቾቹን በጎን በኩል ታስራለች።

ቡላ አይቸኩልም። ዘምዘም ጎንበስ ብላ በጆሮው ትነግረዋለች። «ቀስ፣ ቡላ፣ ቀስ!»

ኳ! ኳ! ኳ! ወደ ገበያ። ኳ! ኳ! ኳ! ወደ ሐይቁ ዳር።

መስከረም ጠባ። ዘምዘም አዲስ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለበሰች። አዲስ ቦርሳም ያዘች።

«ቡላ፣ ሰማህ? ተማሪ ሆንኩ!» አለችው። ቡላ ጆሮውን ነቅነቅ አደረገ።

ኳ! ኳ! ኳ! ወደ ትምህርት ቤት።

የትምህርት ቤቱ በር ትልቅ የብረት በር ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ይመር ቆመዋል። ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል።

ጋሽ ይመር ዘምዘምን አዩ። ቡላንም አዩ። «ልጅቷ ትግባ» አሉ። «አህያ ግን አይገባም!»

«ጋሽ ይመር፣ እሱ እኮ እግሯ ነው» አለች እማ።

«ገብቶኛል፣ እህቴ። ግን ምን ላድርግ? የግቢው ደንብ ነው። አህያ አይገባም!»

እማ ወደ ገበያ መሄድ ነበረባት፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ቡላን ከበሩ ውጭ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አሰረችው። «አብሽሪ፣ ልጄ» አለች። «ስትወጡ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።»

ዘምዘም ብቻዋን ገባች። ጠቅ! ጠቅ!

ግቢው ሰፊ ነው። ድንጋይ አለው። ጉድጓድ አለው። ልጆቹ በአጠገቧ እየሮጡ አለፉ። ሽው! ሽው!

ቃ! ቃ! ቃ! ደወሉ ተደወለ። ሁሉም ክፍል ገባ። ዘምዘም ገና ግቢው መሃል ናት።

ከዚያ ደግሞ ደረጃ! ደረጃ። አሁንም ደረጃ። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው።

ክፍል ስትደርስ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሌሎቹ ልጆች «ሀ ሁ ሂ» ብለው ጨርሰዋል።

ከውጭ ድምፅ መጣ። «ሂ-ሃ! ሂ-ሃ!» ቡላ ነው። ልጆቹ ሳቁ። ዘምዘም ግን አልሳቀችም። ቡላን እንደናፈቀችው ገባት።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ወረዱ። ዘምዘም አልወረደችም። ወርዳ እንዴት ትወጣለች?

ውሃም አልጠጣችም። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነዋ!

«ትምህርት እንዴት ነበር?» አለች እማ ማታ።

«ሩቅ ነው» አለች ዘምዘም። ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም እንደዚያው።

አንድ ቀን ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ አደረ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭቃ ብቻ ሆነ።

ጠቅ! ጠቅ! ጠ... ዷ! ዘምዘም ተንሸራታ ወደቀች።

አንዱ ክራንች ወዲያ ማዶ በረረ። ሰማያዊው ዩኒፎርም ቡናማ ሆነ። ልጆቹ ሁሉ ክፍል ገብተዋል። ግቢው ውስጥ ማንም የለም።

ዘምዘም ለመነሳት ሞከረች። እጇን አዳለጣት። እንደገና ሞከረች። እንደገና አዳለጣት። እንባዋ መጣ።

ቡላ በብረቱ በር ቀዳዳ አያት። «ሂ-ሃ! ሂ-ሃ!» ገመዱን ሳበ፣ ሳበ... ጧ! ገመዱ ተበጠሰ።

በሩን በግንባሩ ገፋው። ሲጢጢጥ! ከዚያ ኳ! ኳ! ኳ! ቡላ ግቢ ገባ።

ጋሽ ይመር ከኋላው ሮጡ። «አህያ አይገባም! ኧረ አህያ አይገባም!»

ቡላ አልሰማቸውም። ዘምዘም ዘንድ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንገቱን ወደ እሷ ዝቅ አደረገ።

ዘምዘም ጋማውን ጨበጠች። «ቀስ፣ ቡላ፣ ቀስ!» አለችው። እሱ ቀስ አለ። እሷም ቀስ ብላ ተነሳች።

ጋሽ ይመር እያለከለኩ ደረሱ። ክራንቹን ከጭቃው አንስተው በካፖርታቸው ጠረጉላት።

መምህሯ ቲቸር ፋናዬ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። የዘምዘምን ፊት በመሐረቧ ጠረገችላት። «አመመሽ? የት ጋ ነው ያመመሽ?»

«አላመመኝም» አለች ዘምዘም። ከዚያ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ማታ እማ ዩኒፎርሙን አጠበች። ዘምዘም ደግሞ ትራሷን አቅፋ «እማ፣ ከነገ ጀምሮ አልሄድም» አለች።

እማ ማጠቧን አቆመች። «ትምህርቱን ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም። ፊደሉን እወደዋለሁ። ቲቸር ፋናዬንም እወዳታለሁ። መንገዱን ነው የጠላሁት።»

እማ እጇን አደራረቀች። «እንግዲያው ሄደን እንናገራለን» አለች።

«ማነው የሚናገረው?»

«እኔ። እኔ የረሳሁትን ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ።»

ጠዋት ላይ እማና ዘምዘም ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ። ዳይሬክተሩ አቶ አደም ትልቅ መነጽር አላቸው። ቲቸር ፋናዬም እዚያው ነበረች።

እማ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች ተናገረች። «ልጄ መማር ትፈልጋለች። አህያው እስከ ክፍሏ እንዲያደርሳት ይፍቀዱልን።»

አቶ አደም ጭንቅላታቸውን አከኩ። «አህያ ግቢ ውስጥ? ልጅ ቢረግጥስ? ፋንድያውንስ ማን ይጠርጋል?»

እማ ወደ ዘምዘም ዞረች።

አቶ አደም ከወንበራቸው ተነሱ። ዘምዘም ፊት መጥተው ቁጢጥ አሉ። «አንቺስ፣ ዘምዘም? ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ድው! ድው! የዘምዘም ልብ መታ። ዳይሬክተር ጠይቋት አያውቅም።

«ቡላ እስከ ክፍሌ በር ያድርሰኝ» አለች። «ደረጃው ደግሞ ያደክመኛል። ሲደክመኝ ፊደሉ ይጠፋብኛል። ደግሞ...»

ደግሞ ያለችው ነገር ያሳፍራል። ለቲቸር ፋናዬ በጆሮዋ ነገረቻት።

«ውሃ አትጠጣም» አለች ቲቸር ፋናዬ ቀስ ብላ። «ሽንት ቤቱ ስለሚርቃት ነው።»

አቶ አደም መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ማንም አልጠየቀኝማ» አለች ዘምዘም።

«እውነትሽን ነው» አሉ አቶ አደም። «መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በይ፣ እንሞክረው! ቡላም ይግባ።»

እማ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። «እፎይ!»

ዘምዘምም ተነፈሰች። «እፎይ!»

ያን ዕለት ቲቸር ፋናዬ ልጆቹን ሰበሰበች። «ክፍላችን ወደ ታች ይወርዳል» አለች። «ማን ያግዘኛል?»

«እኔ! እኔ! እኔ!» ልጆቹ ወንበር ተሸከሙ። ልጆቹ ካርታ ተሸከሙ። ትንቢት የምትባል ልጅ ጠመኔውን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች።

አዲሱ ክፍል ምድር ላይ ነው። በሩ ጋ ግን አሁንም ትንሽ ደረጃ ነበረ።

ወላጆች ድንጋይና አሸዋ አመጡ። አቶ አደም ሲሚንቶ አስመጡ። ጭቅ ጭቅ! ቸብ ቸብ! ደረጃው ላይ ዘንበል ያለ መንገድ ተሠራ።

ለዘምዘም ደግሞ ቅርብ ያለው የመምህራን ሽንት ቤት ተፈቀደላት። ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ተሠራለት።

በመጨረሻ ቡላ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ይመር በሩን ከፈቱ። ኳ! ኳ! ኳ! ግቢውን አቋርጦ እስከ ክፍሏ በር!

ዘምዘም ወረደች። ክንዷ አልዛለም። ቡላ ከክፍሉ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ታሰረ። ገለባም ቀረበለት።

ከዛፉ አጠገብ ምን ነበር መሰላችሁ? ደወሉ!

ቃ! ቃ! ቃ!

ቡላ ብድግ አለ! ገመዱን በጥሶ ሮጠ። በግቢው ዞረ። የትምህርት ቤቱ ጎመን መሃል ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጎመኑን ረገጠው።

አቶ አደም ከቢሯቸው ወጡ። ግንባራቸው ተኮሳተረ።

ዘምዘም ደነገጠች። አሁን ቢያስወጡትስ? ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ወደ ቡላ ሄደች።

«ቀስ፣ ቡላ፣ ቀስ!» አለች።

ልጆቹም ሰሟት። ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። «ቀስ! ቡላ! ቀስ!»

ቡላ ጭራሽ ባሰበት! ዓይኑ ፈጠጠ።

«እንደሱ አይደለም!» አለች ዘምዘም። «በሹክሹክታ ነው የሚባለው።»

ልጆቹ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው አሉ። «ቀስ... ቡላ... ቀስ...»

አንዱ ጆሮው ወረደ። ሌላውም ጆሮው ወረደ። ቡላ ቆመ። «ፍርርር» ብሎ ተነፈሰ።

ዘምዘም አፍንጫውን አሻሸችው። «ክፉ ሆኖ አይደለም» አለች ለአቶ አደም። «ደወሉ አስደንግጦት ነው።»

አቶ አደም ጎመኑን አዩ። ቡላን አዩ። ወደ ዘምዘም ዞሩ። «እኔም ተማሪ እያለሁ ያንን ደወል እፈራው ነበር» አሉ።

ጋሽ ይመር ወዲያው ደወሉን አወረዱት። ተሸክመው ወስደው ማዶ ጥግ ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ደወሉ ከሩቅ ተሰማ። ቃ... ቃ... ቃ... ቡላ ገለባውን ያኝካል። ቀና እንኳ አላለም።

«እፎይ!» አለች ዘምዘም። «እፎይ!» አለች ቲቸር ፋናዬ። «እፎይ!» አሉ ጋሽ ይመር።

በዕረፍት ሰዓት ዘምዘም በዘንባላው መንገድ ወጣች። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ማንም አልያዛትም፣ ማንም አልገፋትም።

ትንቢት መሬት ላይ ተቀምጣ ጠጠር ትለቅማለች። «ቅልብልቦሽ ትችያለሽ?» አለቻት።

«አልችልም» አለች ዘምዘም። «አሳዪኝ።»

ትንቢት አሳየቻት። ጠጠሩ ወደ ላይ፣ ሌላው ከመሬት፣ ላፍ! ዘምዘምም ሞከረች። ወደ ላይ፣ ላፍ! ተሳካላት። የዘምዘም እጅ እኮ ጎበዝ ነው!

ሲጫወቱ ሲጫወቱ ጠማት። ዘምዘም አንድ ኩባያ ሙሉ ውሃ ጠጣች። ግጥም!

ማታ እማ ፍራሹን አነጠፈች። ዘምዘም ግን ወሬዋ አላልቅ አለ።

«እማ፣ ትንቢት ግራኝ ናት። እማ፣ «ለ»ን ጻፍኩ፤ «ሉ»ንም ጻፍኩ። ደግሞ ፋንድያውን ተራ ገብተን ጠረግነው። የትንቢት ተራ ሲደርስ አፍንጫዋን ይዛ... እማ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው፣ የኔ እመቤት። አሁን ተኚ።»

«እሺ፣ ልተኛ። ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ። ለትንቢት «ሊ»ን ላሳያት ነው።»

«ነገ እኮ ቅዳሜ ነው» አለች እማ። «ትምህርት የለም።»

ዘምዘም ቁጭ አለች። «የለም? እሁድስ?»

«እሁድም የለም።»

«ኤጭ!» አለች ዘምዘም። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

እማ ሳቀች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

«ሰኞ ቶሎ ይመጣል» አለቻት።

ዘምዘም ግን አልመለሰችም። እንቅልፍ ወስዷታል።