የአዲሱ ቢሮ ሰገነት

የትክል ድንጋይ ከተማ ጉም ሰው ይውጣል ይባላል፤ የዚያን ዕለት ግን የዋጠውን መልሶ ተፋው። ረፋዱ ላይ ገለጥ ሲል፣ ከአዲሱ የመንግሥት ሕንፃ ጓሮ፣ ከድንጋይ ክምር ላይ፣ አቶ ሰውአገኝ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ።

ሰውአገኝ የክልሉ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ የመንግሥትን ወጪ የሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሳቢ። የመጡትም ለዚሁ ሕንፃ ነው። ጎንደር ላይ ተከራይቶ የሚሠራው የተፋሰስ ጽሕፈት ቤት ወደዚህ ሊዛወር ሽር ጉድ ሲባል፣ እሳቸው «ሕንፃውን በዓይኔ ሳላይ ዝውውሩ አይጸድቅም» ብለው ምክር ቤቱን ቀጥ አድርገው ይዘውት ነበር።

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ከጎንደር ስትደርስ የወረዳው ፖሊስ ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት። የሟቹን ሾፌር ወንዴን በካቴና ጠፍሮ አስቀምጦታል፤ እስረኛ የሚወስደው ማኪና ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ይጫናል። የትነበርሽን መቼም የሚያውቃት ሁሉ ያማታል፤ ከቦርሳዋ ቁልፍ ስትፈልግ ዝናብ ጀምሮ ያባራል። ዓይኗ ግን ሌላ ነው። ሠርግ ቤት ብትገባ ወጡን ማን እንዳሳረረው ማንንም ሳትጠይቅ ታውቃለች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ገበያው ሁሉ ሰምቶሃል» አለችው ወንዴን።

«ስለ ጭቃው ነው። ማኪናዬን ወደ ሕንፃው በሚወስደው ማጥ ውስጥ አልነክርም አልኳቸው። ‹በል ተወው፣ ጋደም ልበልና ነገ እንወጣለን› ብለው ወደ ማረፊያው ገቡ። እኔም ማኪናው ውስጥ ተኛሁ።»

«ስትተኛ ያየህ ሰው አለ?»

«ተኝቼ ማን እንዳየኝ በምን አውቃለሁ?» አለ ወንዴ። ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ኢንስፔክተር፣ ያ ማኪና ከወሰደኝ በኋላ ማን ያምነኛል?»

የትነበርሽ ወደ ሬሳው ሄዳ ተንበረከከች። የሟቹ ጥፍሮች ሥር ነጭ ጄሶ ገብቷል። መዳፋቸው ደህና ነው፤ የጣቶቻቸው ጀርባ ግን ተጨፍልቋል። እግራቸው ላይ አረንጓዴ የጎማ ቦቲ አለ፤ ከእግራቸው በጣም የሰፋ፣ የተዋሱት የሚመስል።

ቀና ብላ ሰገነቱን አየችው። መደገፊያ የለውም። ወጥታ ስታይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በጄሶ ተደፍኗል፤ ጄሶው ሳይደርቅ ሰው በጥፍሩ ጭሮታል። ከበታቿ ጉሙ እንደገና እየወጣ ነበር። የሕንፃው ባዶ ክፍሎች ነፋስ በገባ ቁጥር ያቃስታሉ።

የማረፊያው ባለቤት ሽታዬ ደረቷን እየመታች ተቀበለቻት።

«ሟርት ነው የገደላቸው ልጄ! ለዚያ ሕንፃ ብለው ግብር ጨመሩብን፤ አሁን ደግሞ ሰው አስገበረን!»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩዋቸው፣ እትዬ ሽታዬ?»

«ገበያ ስሄድ። ስመለስ ጫማቸው በራቸው ላይ ተቀምጧል። ከውስጥ ድምፅ የለም፤ ደክሟቸው ተኝተዋል ብዬ ተውኳቸው። ማታ ሰው በስልክ ሲጠይቀኝ ‹አያ ሰውአገኝ አረፉ› አልኩ። ሦስት ሰው ደወለ፤ ለሦስቱም እንዲያው አልኩ። እንግዳዬ ጋደም ሲል ምን ልበል?»

«እነማን ናቸው?»

«አንዱ ሕንፃውን የሠራው ኢንጂነር አንዱዓለም። አንዷ ሐረገወይን፤ ጎንደር ላይ ለቢሮው ቤት ያከራየችው። ሦስተኛው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ያ ማንያዘዋል። አፉ ይታሰርና! ሰውየውን በቁሙ ነፍስ ይማር አለው። አየሽ፣ ሟርቱ ደረሰ።»

የትነበርሽ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት። «ከነፍስ ይማር ቀጥሎ ምን አለ?»

ሽታዬ በሹክሹክታ ነገረቻት። ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ልታስጠራ፣ ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች።

ሦስቱም ግን መርዶ ሰምተው ከጎንደር እየመጡ ነበር። አንዱዓለም ገና ከማኪናው ሳይወርድ ተከላከለ። «ስንጥቁን ለኃላፊው ነግሬዋለሁ! በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ላይ አልሠራም ብል፣ ‹ቦታው ተወስኗል› ብሎ አሠራኝ።»

ሐረገወይን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ አያ ሰውአገኝን ልገድል? ዝውውሩ ከቀረ ተከራዬ አይሄድብኝ! ለእሳቸው ዕድሜ ከሚስታቸው ይልቅ የተሳልኩ እኔ ነኝ።»

ማንያዘዋል ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ተናገረ። «ጽሕፈት ቤታችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። እኔ ትናንት ከጎንደር አልወጣሁም። ሾፌሩ ላይ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ።»

የእስረኛው ማኪና በር ላይ ሲቆም የትነበርሽ ሁሉንም የማረፊያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ወንዴም ከነካቴናው ተቀመጠ። ጉሙ በመስኮቱ ተለጥፎ ብርሃኑን አመድ አስመስሎታል።

«አቶ ሰውአገኝ አዳልጧቸው አልወደቁም» አለች። «የወደቀ ሰው መዳፉ ይላጣል። የእሳቸው የጣታቸው ጀርባ ነው የተጨፈለቀው። ተገፍተው የሰገነቱን ጠርዝ ይዘው ተንጠልጥለዋል። ከላይ ደግሞ አንድ ሰው ጣታቸውን ረግጧል።»

ሐረገወይን «እመቤቴ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ጫማቸውን በር ላይ ትተው በሰው ቦቲ ሄደዋል። ይህን ቦቲ የሚያውቅ አለ?» ብላ አረንጓዴውን ቦቲ ወለሉ ላይ አኖረች።

አንዱዓለም አጎንብሶ አየው። «የጽሕፈት ቤቱ ነው። ለመስክ ባለሙያ የሚሰጥ።»

«ከመጋዘናችን ስንቱ ይወስዳል!» አለ ማንያዘዋል።

«እውነት ነው፤ ቦቲ ብቻውን አይመሰክርም። ግን ሾፌሩ ቦቲ ቢኖረው በጭቃ ምክንያት ባልተጣሉ። ቦቲውን ያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ሽታዬ ገበያ ሳሉ መጥቶ፣ ‹እኔ ላሳይዎ› ብሎ በጓሮ በር ይዟቸው የወጣ። እንግዲህ ትናንት ማታ ሦስታችሁም ደውላችሁ አንድ ቃል ሰማችሁ። ኢንጂነር፣ ‹አረፉ› ሲሉዎት ምን አሉ?»

«‹ገና በጊዜ? ነገ እደውላለሁ› አልኩ።»

«ወይዘሮ ሐረገወይን?»

«‹ምነው የእኔ ቤት እያለ እዚያ አረፉ?› ብዬ ተቆጣሁ።»

«እትዬ ሽታዬ፣ አቶ ማንያዘዋል ምን አሉ?»

ሽታዬ ተነሳች። «‹ነፍስ ይማር! ከሰገነቱ ጠርዝ ይራቁ ብለን ስንቴ ነገርናቸው› አለ። ‹ምን ትቀባጥራለህ› ብዬ ዘጋሁበት።»

ማንያዘዋል በግድ ሳቀ። «ቃሉ አሳስቶኝ ነው! አማርኛው ራሱ ሁለት ነው። አረፉ ስትለኝ ሞቱ መስሎኝ ነው እንጂ!»

«ይህ አያስከስስም» አለች የትነበርሽ በለሆሳስ። «እኔም ብሆን ሊመስለኝ ይችላል። ግን ሰው ሞተ ሲባል የሚሰማ ሁሉ ‹ምን አገኛቸው?› ይላል። እርስዎ አልጠየቁም። ሬሳው የተገኘው በማግስቱ ነው። አቶ ማንያዘዋል፣ ሰገነቱን ማን ነገረዎት?»

የማንያዘዋል ትከሻ ወረደ፤ ያ የስብሰባ ድምፅም አብሮ ወረደ።

«ሕንፃው እንከን የለበትም ብዬ ምክር ቤቱ ፊት ምያለሁ። ስንጥቁን ትናንት ራሴ ደፍኜው ነው ያሳየኋቸው። እንደ ሕፃን በጥፍራቸው ይጭሩት ጀመር። ‹ነገ ሸንጎ ላይ ትቆምበታለህ› አሉኝ። ተው አልኳቸው… ተው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እጄን አላውቀውም።»

«እግርዎንስ?» አለች የትነበርሽ።

ካቴናው ከወንዴ እጅ ወጥቶ ማንያዘዋል እጅ ገባ። ውጭ የሚጠብቀው ማኪናም ሌላ ሰው ጭኖ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ወንዴ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ።

«ሂድ እንጂ፤ ነፃ ነህ» አለችው።

«አስከሬኑን ማን ነው የሚወስደው?»

«ከጎንደር ሌላ ማኪና እናዛለን።»

ወንዴ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፤ ለቤተሰባቸውም እኔ ነኝ የማደርሳቸው» አለና፣ የኋላውን ወንበር ሊያጥፍ ወደ ማኪናው ሄደ።